«መድኃኒት»፣ «ፈውስ» እና «መግታት»፦ በኤችአይቪ ፈውስ ጥረት ዙሪያ የሚነሡ የአማርኛ ስያሜዎች

ስለ ኤችአይቪ በአማርኛ መጻፍ ከተጀመረ ረዥም ጊዜ ሆኖታል። በዚህም ጊዜ ውስጥ ስለ መተላለፊያው፣ ስለ መከላከያውና ስለ ምርመራው የሚነገሩት ቃላት ከሕዝብ አፍ ገብተው ተለምደዋል። ቫይረሱን ፈጽሞ ከሰውነት ለማስወገድ ወይም ያለ መድኃኒት ለመግታት ስለሚደረገው ጥረት የሚነገሩት ቃላት ግን ገና አልጸኑም። አንዱ ጸሓፊ «ተፈወሰ» ያለውን ሌላው «ዳነ»፣ ሦስተኛው «ቫይረሱ ከደሙ ጠፋ» ይለዋል፤ ሦስቱ አነጋገሮች ግን አንድ ነገር አይደሉም። የልዩነቱም ጉዳት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። «ከደምህ አልተገኘም» የተባለ ሰው «እንግዲያውስ ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ቢያቆም፣ ስሕተቱ የቃል ቢሆንም ዋጋው የሕይወት ይሆናልና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሰውነት በሽታ የመከላከያ ሥርዓት በፈውሱ ጥረት ውስጥ ያለውን ሚና እያብራራን፣ ለየጽንሰ ሐሳቡ የሚስማማውን የአማርኛ ስያሜ ለመጠቆም እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. «መድኃኒት» የተባለው ቃል የሚሰጠው ተስፋ

«መድኃኒት» ከግእዙ «ድኅነ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ግሡም ዳነ፣ ከጥፋት አመለጠ ማለት ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ «መድኃኒት» የሚለውን ቃል ሲሰማ፣ በቃሉ ውስጥ «መዳን» አብሮ ይሰማዋል፤ የማያድን መድኃኒት በቋንቋችን ስሜት እርስ በርሱ የሚጣላ አነጋገር ነው። በ1996 በሥራ ላይ የዋለውና ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ የሚሰጠው የኤችአይቪ ሕክምና ግን የቫይረሱን መባዛት ያቆማል እንጂ ቫይረሱን ከሰውነት አያስወጣም።

ይህ ሕክምና በ2005 በኢትዮጵያ በነጻ መሰጠት ሲጀምር በሕዝብ ዘንድ የወጣለት ስም «ዕድሜ ማራዘሚያ» የሚል ነበር። ስያሜው የማያድነውን «መድኃኒት» አላለውም፤ በዚህ በኩል ጠንቃቃ ነበር ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ሞት በየቤቱ በገባበት ጊዜ የተፈጠረ ስለ ሆነ፣ ሰውየውን በቀጠሮ እንደሚኖር አድርጎ ያሳያል። ዛሬ ሕክምናውን በጊዜ ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው የሚኖረው ዕድሜ ቫይረሱ ከሌለበት ሰው ዕድሜ ጋር የተቀራረበ ነው። ስለዚህ «ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት» የተባለው ስያሜ «ዕድሜ ማራዘሚያ»ን መተካቱ ተገቢ ነው እንላለን።

«ፈውስ» የተባለው ቃል ደግሞ በአማርኛ ከሕክምና ይልቅ ከእምነት ጋር ተቆራኝቶ የኖረ ነው። ጠበል የወረደ፣ የተጸለየለት ሰው «ተፈወሰ» ይባላል። በዚህ ቃል ዙሪያ የነበረው መደበላለቅ ቀላል እንዳልነበረ የሚያሳየው፣ በ2007 ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንና ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን ጐን ለጐን እንዲወስዱ መምከራቸው ነው። ቃሉን ለሕክምናው ሞያ ስንወስደው እንግዲህ ድንበሩን መወሰን ይገባናል። በሞያው ውስጥ «ፈውስ» ሲባል ከሁለት ነገሮች አንዱ ነው፤ የመጀመሪያው ሊባዛ የሚችል ቫይረስ በሰውነት ውስጥ አንድም እንዳይቀር ማድረግ ነው፤ ይህን «የማጥፋት ፈውስ» እንለዋለን። ሁለተኛው ጥቂት ቫይረስ ቢቀርም ሰውነት በራሱ ኀይል ያለ መድኃኒት እንዳይነሣ አድርጎ እንዲይዘው ማድረግ ነው፤ ይህንም «የመግታት ፈውስ» ብንለው ይስማማል። «ገታ» ፈረስን በልጓም ያዘ፣ ከመሮጥ ከለከለ ማለት ስለ ሆነ፣ የተገታው ነገር እንዳልሞተ ቃሉ ራሱ ይናገራል።

2. አቅም ወይስ ሥርዓት?

በአማርኛ «በሽታ የመከላከል አቅም» የሚለው ሐረግ ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲያገለግል ይታያል። አንደኛው ሰውነት በሽታን የመቋቋም ችሎታው ነው፤ ሌላው ይህን ሥራ የሚሠሩት ሕዋሳትና የሰውነት ክፍሎች ስብስብ ነው። የመጀመሪያውን «አቅም»፣ ሁለተኛውን «የመከላከያ ሥርዓት» ብሎ መለየት አስፈላጊ ነው። አቅም ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ ሥርዓት ግን ክፍሎች አሉት፤ ኤችአይቪም የሚያጠቃው ከእነዚህ ክፍሎች አንዱን ለይቶ ነው።

የሥርዓቱ ሠራተኞች ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። የሚወለዱት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት በደም ውስጥ ሳይሆን በንፍፊት ዕጢዎች፣ በጣፊያና በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ነው። ከእነርሱም መካከል ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልጉን ሦስቱ ናቸው።

የመጀመሪያው በጤና ተቋማት «ሲዲ ፎር» እየተባለ የሚጠራው ሕዋስ ነው። የጤናማ ሰው ቁጥር በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ውስጥ ከ500 እስከ 1500 ገደማ ነው፤ ከ200 በታች ሲወርድ ኤድስ ደረሰ ይባላል። ይህን ሕዋስ አንዳንድ ጽሑፎች «ረዳት ሕዋስ» ይሉታል። በእኛ አስተያየት ስያሜው ያሳስታል። «ረዳት» በአማርኛ ከዋናው በታች ያለ፣ የሾፌር ረዳት እንደሚባለው ያለ ነው፤ ይህ ሕዋስ ግን ሌሎቹን የሚቀሰቅሰው፣ የሚያዘውና የሚያቀናጀው ነው። እርሱ ሲጠፋ ሌሎቹ ቢኖሩም ሥራቸው ይፈታል። ስለዚህ «አስተባባሪ ሕዋስ» መባል ይገባዋል።

ሁለተኛው «ገዳይ ሕዋስ» ነው። ይህ ሕዋስ በቫይረስ የተያዘውን ሌላ ሕዋስ ፈልጎ ያጠፋል። የሚያውቀውም የተያዘው ሕዋስ በገጹ ላይ በሚያወጣው የቫይረስ ቁራጭ ነው፤ በገጹ ምልክት የሌለውን ሕዋስ አልፎ ይሄዳል።

ሦስተኛው «አስታዋሽ ሕዋስ» ነው። ኩፍኝ አንድ ጊዜ የወጣለት ልጅ ዳግመኛ የማይወጣለት፣ ከመጀመሪያው ጦርነት በኋላ ጥቂት ሕዋሳት ጠላታቸውን እያስታወሱ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆዩ ነው። ክትባትም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። የኤችአይቪ ነገር አስቸጋሪ የሆነው ግን በዚህ ስፍራ ነው፤ ቫይረሱ የሚደበቀው ብዙ ዓመት እንዲኖሩ በተፈጠሩት በእነዚሁ ውስጥ ነውና።

3. «መዳፈን»

ኤችአይቪ አስተባባሪውን ሕዋስ የሚገባበት በገጹ ላይ ባሉ ሁለት በሮች ነው፤ አንደኛው ሲዲ ፎር ራሱ፣ ሁለተኛው «ሲሲአር ፋይቭ» የተባለው ነው። ከገባ በኋላ የራሱን ዘረመል ገልብጦ ከሕዋሱ ዘረመል ጋር ይሰፋዋል። ከዚያ ወዲያ ቫይረሱ የሕዋሱ አካል ነው። አብዛኞቹ የተያዙ ሕዋሳት ቫይረስ እያመረቱ በቀናት ውስጥ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ጦርነቱ ሲያልፍ ወደ አስታዋሽነት ይለወጡና ያርፋሉ። በእነርሱ ውስጥ ያለው ቫይረስ ዝም ይላል፤ ምንም አያመርትም፤ በሕዋሱም ገጽ ላይ ምልክት አያወጣም። መድኃኒቱ የሚያግደው የመባዛት ሂደትን ስለ ሆነ የማይባዛውን አያገኘውም፤ ገዳዩም ሕዋስ ምልክት የሌለውን አያውቀውም።

እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ለዓመታት በታከሙ ሰዎች ውስጥ እንደሚገኙ በ1997 ሦስት የምርምር ቡድኖች አሳዩ። ብዛታቸው ካረፉት አስተባባሪ ሕዋሳት ከአንድ ሚሊዮን አንድ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ቁጥራቸው በግማሽ ለመቀነስ 44 ወር ገደማ እንደሚፈጅ፣ በሕክምና ብቻ ተመናምነው እንዲያልቁም ከ70 ዓመት በላይ እንደሚያስፈልግ በ2003 የሮበርት ሲሊሲያኖ ቡድን በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አስልቷል። ከዚህም ሌላ ሕዋሱ ሲከፈል በውስጡ የተሰፋው ቫይረስ አብሮ ይከፈላል። ቫይረሱ የሚደበቅበትም ጊዜ እጅግ አጭር ነው፤ በ2014 በዝንጀሮዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የኤችአይቪ ዘመድ የሆነው ቫይረስ በሰውነት ከገባ በ3 ቀን ውስጥ መደበቁ ታይቷል።

ለዚህ ሁኔታ ምን ስም እንስጠው? «ክምችት» የሚለው በብዙ ጽሑፍ ይገኛል፤ ነገር ግን «ተከማቸ» ብዛትን ያሳያል፤ ይህ ግን ከሚሊዮን አንድ የሆነ ጥቂት ነው። «ያደፈጠ» የሚለውም አለ፤ ይህ ግን ቫይረሱን አሳቢና አድቢ ያስመስለዋል። «ያንቀላፋ» ደግሞ በራሱ ጊዜ የሚነቃ ይመስላል።

ቋንቋችን ግን ለዚህ የተዘጋጀ የቤት ቃል አለው። የገጠር እመቤት ማታ እሳቷን አታጠፋም፤ ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች። እሳቱ አይታይም፣ አይሞቅም፣ እጁን የሰነዘረም ላያውቀው ይችላል፤ በማግስቱ ግን አመዱ ተገልጦ እፍ ሲባል ይነዳል። ይህ «መዳፈን» ነው። የተዳፈነ እሳት ጥቂት ነው፣ ሕያው ነው፣ አይታይም፣ ሲገለጥም ቤት ሊያቃጥል ይችላል፤ አራቱም ባሕርያት በቫይረሱ አሉ። ስለዚህ «የተዳፈነ ቫይረስ» እና «ቫይረስ ያዳፈነ ሕዋስ» የሚሉትን እንጠቁማለን። መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ ተመልሶ መነሣቱን ደግሞ «ማገርሸት» የሚለው የታወቀ ቃል በትክክል ይገልጸዋል፤ ወባ ያገረሸበት ሰው ሁሉ ትርጉሙን ያውቃልና። ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ በቆመ በሳምንታት ውስጥ ያገረሻል።

4. «መቆስቆስ»፣ «መዛል» እና «ልጓም»

ከተዳፈነው እሳት ምሳሌ ከተነሣን የቀሩት ስያሜዎች ተከትለው ይመጣሉ። ከፈውስ መንገዶች አንዱ፣ ዝም ያለውን ቫይረስ በመድኃኒት አስነሥቶ ሕዋሱ ምልክት እንዲያወጣና እንዲገደል ማድረግ ነው። ይህን «ቆስቁሶ ማጥፋት» እንበለው። በ2012 ለካንሰር የሚሰጥ «ቮሪኖስታት» የተባለ መድኃኒት ቫይረሱን በሰው ውስጥ ለመቆስቆስ እንደሚችል ታየ፤ ይሁን እንጂ ያዳፈኑት ሕዋሳት ቁጥር አልቀነሰም። መቆስቆሱ ሆነ፣ ማጥፋቱ ግን አልሆነም። የዚህ ተቃራኒ የሆነው ሌላው መንገድ ቫይረሱ ፈጽሞ እንዳይነሣ አመዱን ማጽናት ነው፤ ይህም «አዳፍኖ ማስቀረት» ቢባል ይገባል።

የተቆሰቆሰው ለምን አልጠፋም? ገዳይ ሕዋሳቱ ለዓመታት ከቫይረሱ ጋር ሲታገሉ ኖረው ኀይላቸው ስለሚያልቅ ነው። ይህን «መድከም» ከማለት «መዛል» ማለት ይሻላል። የደከመ ሰው ሲያርፍ ይበረታል፤ ክንዱ የዛለ ግን መሣሪያውን ይዞ ሳለ ማንሣት ያቅተዋል። የዛለውም ሕዋስ እንዲሁ ነው፤ አለ፣ ጠላቱንም ያውቃል፣ ግን አይገድልም። በገጹም ላይ ሥራውን የሚገቱ ተቀባዮች ይበዙበታል፤ እነዚህን «ልጓም» ብለን ልንጠራቸው እንችላለን። ልጓሙን የሚፈቱ መድኃኒቶች በካንሰር ሕክምና ተለምደዋል፤ ለኤችአይቪ ግን ልጓም መፍታት ሰውነት ራሱን እንዲያጠቃ ሊያደርግ ስለሚችል በጥንቃቄ በመጠናት ላይ ነው።

ሌላው መሣሪያ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ኤችአይቪ ልብሱን በየጊዜው ስለሚለውጥ አብዛኞቹ ፀረ እንግዳ አካላት ይስቱታል። ጥቂት ሰዎች ግን ከዓመታት በኋላ ብዙ ዐይነት ኤችአይቪን የሚያከሽፉ ያወጣሉ። ጥይት ከሸፈ እንደሚባለው እነዚህን «ሰፊ አክሻፊ ፀረ እንግዳ አካላት» ብለናቸዋል። በደቡብ አፍሪካ 20 ሴቶች በተሳተፉበትና ውጤቱ በ2025 በተነገረው ሙከራ፣ እነዚህ አካላት የመከላከያውን ሥርዓት ከሚያነቃቃ መድኃኒት ጋር ተሰጥተው፣ ከተሳታፊዎቹ ጥቂቶቹ ዕለታዊ መድኃኒታቸውን አቁመው ቫይረሱ ሳያገረሽባቸው ቆይተዋል። የብዙዎቹ ግን አገርሽቷል።

5. «ገቺዎች»

ከመቶ አንድ የማይሞሉ ሰዎች ቫይረሱ ይዟቸው ያለ ምንም መድኃኒት ለዓመታት ገትተው ይኖራሉ። ገዳይ ሕዋሶቻቸው አልዛሉም፤ ብዙዎቹም የቫይረሱን ቁራጭ በሕዋስ ገጽ ላይ አጉልቶ የሚያሳይ የተለየ ዘረመል ይዘው የተወለዱ ናቸው። እነዚህን በውጭ አገር አጠራር «ምርጥ» የሚል ቅጽል ይሰጧቸዋል፤ በአማርኛ ግን «ምርጥ» ምርጥ ዘርንና ተመራጭነትን ስለሚያስታውስ፣ «የተፈጥሮ ገቺዎች» ማለትን እንመርጣለን። ሕክምናን በቶሎ ጀምረው ለዓመታት ከወሰዱ በኋላ ሲያቆሙ የገቱትን ደግሞ «ድኅረ ሕክምና ገቺዎች» እንላለን፤ በ2013 በፈረንሳይ 14 እንዲህ ያሉ ሰዎች ተገልጸዋል።

በዚሁ በ2013 ዓመት በአሜሪካ ሚሲሲፒ፣ ከተወለደች በ30 ሰዓት ውስጥ ሕክምና የጀመረች ሕፃን «ተፈወሰች» ተብሎ በዓለም ተነገረ። ሕክምናው ከተቋረጠ ከ27 ወር በኋላ፣ በ2014 ቫይረሱ አገረሸ። «ተፈወሰች» ከማለት «ለጊዜው ተገትቷል» ቢባል ኖሮ፣ ዜናው እውነት ሆኖ ይቀር ነበር።

6. የንቅለ ተከላው ምስክርነት

ፈውስ የሚቻል መሆኑን ያስመሰከረው ቲሞቲ ሬይ ብራውን ነው። ይህ ሰው በበርሊን ሲኖር የደም ካንሰር ያዘውና በ2007 እና በ2008 የመቅኔ ሕዋስ ንቅለ ተከላ ተደረገለት። ሐኪሙ ጌሮ ሁተር የመረጡት ለጋሽ ከሁለቱም ወላጆቹ የተበላሸ የሲሲአር ፋይቭ ዘረመል የወረሰ፣ ሕዋሱም ያ በር የሌለው ሰው ነበር። ብራውን በ2020 በካንሰሩ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ኤችአይቪ አላገረሸበትም። በ2019 የለንደኑ ታካሚ አዳም ካስቲዬሆ ተከተለ፤ ከዚያም ሌሎች በጣት የሚቆጠሩ ታከሉ።

በመጀመሪያ ምክንያቱ ሁሉ የበሩ መዘጋት ነው ተብሎ ነበር። ነገር ግን በ2023 በጄኔቫ የተገለጸው ሰው በሩ ካልተዘጋ ለጋሽ ተቀብሎ ሳለ አላገረሸበትም። በሌላ በኩል በ2013 በቦስተን እንዲሁ የተደረገላቸው ሁለት ሰዎች መድኃኒቱን ካቆሙ ከወራት በኋላ አገርሽቶባቸዋል። ስለዚህ በሩ ብቻውን ሁሉን አይገልጽም። የአዲሱ ሥርዓት ገዳይ ሕዋሳት የቀድሞውን የሰውየውን ሕዋሳት እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲያጠፉ፣ ያዳፈኑትንም ምልክት ሳይጠይቁ አብረው ያጠፋሉ። ለዚህም ነው የመከላከያው ሥርዓት በፈውሱ ውስጥ ተመልካች ሳይሆን ዋናው ሠራተኛ ነው የምንለው። ይሁንና ንቅለ ተከላው ራሱ የሚገድል አደጋ ስላለበት የሚደረገው የደም ካንሰር ላለበት ሰው ብቻ ነው፤ ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩት ወደ 40 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መንገድ አይሆንም። የሚያገለግለው ምን ማድረግ እንደሚቻል ለማሳየት ነው።

7. «በደሙ ውስጥ» ስለሚለው አነጋገር

በአገራችን ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር ሰው «ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የሚገኝ» ይባላል። አነጋገሩ የመጣው ከክፉ ቃል ለመራቅ ነውና በአክብሮት እናየዋለን። ነገር ግን ቫይረሱ በዋናነት የሚዳፈነው በንፍፊት ዕጢዎችና በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ነው። ሕክምናው ሲሠራ በደም ያለው ቫይረስ መለኪያው ሊያነበው ከሚችለው በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ «በደምህ አልታየም» ሲባል፣ ሰሚው «በደሙ ውስጥ የሚገኝ» የተባለበትን ስም እንደ ተፋቀለት ቢቆጥር አይፈረድበትም፤ ቋንቋው ራሱ እንዲህ እንዲያስብ መርቶታልና።

ስለዚህ «ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር» የሚለው እንዲለመድ፣ የምርመራውም ውጤት «ጠፍቷል» ወይም «የለም» ሳይባል «ከመለኪያ በታች ነው» ተብሎ እንዲነገር እንመክራለን። ይህ ውጤት ትልቅ የምሥራች መሆኑ መሸሸግ የለበትም፤ ቫይረሱ ከመለኪያ በታች ሆኖ የጸናለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። የምሥራቹ ግን የሚጸናው መድኃኒቱ እስከ ጸና ድረስ ነው።

አንዳንዶች ለተገታ በሽታ «ስርየት» የሚለውን ቃል ሲያቀርቡ ሰምተናል። ይህ ቃል በቤተ ክርስቲያን ፈጽሞ መደምሰስን፣ ዳግመኛ አለመታሰብን የሚያመለክት ስለ ሆነ፣ ሊያገረሽ ለሚችል ነገር አይገባም።

8. የቀረቡ ስያሜዎች በአጭሩ

የማጥፋት ፈውስ፦ ሊባዛ የሚችል ቫይረስ በሰውነት ውስጥ እንዳይቀር ማድረግ።
የመግታት ፈውስ፦ የቀረው ቫይረስ ያለ መድኃኒት እንዳያገረሽ በመከላከያው ሥርዓት መያዝ።
የመከላከያ ሥርዓት፦ በሽታን የሚከላከሉ ሕዋሳትና የሰውነት ክፍሎች ስብስብ፤ «አቅም» ከሚለው የተለየ።
አስተባባሪ ሕዋስ፦ ሲዲ ፎር ያለው፣ ሌሎችን የሚያዝ ነጭ የደም ሕዋስ።
አስታዋሽ ሕዋስ፦ የቀድሞ ጠላቱን እያስታወሰ ለዓመታት የሚቆይ ሕዋስ።
የተዳፈነ ቫይረስ፦ በሕዋስ ዘረመል ውስጥ ተሰፍቶ ዝም ያለ፣ ሊነሣ የሚችል ቫይረስ።
ቆስቁሶ ማጥፋት፦ የተዳፈነውን አስነሥቶ ሕዋሱን ማስገደል።
አዳፍኖ ማስቀረት፦ የተዳፈነው ፈጽሞ እንዳይነሣ ማጽናት።
መዛል፦ ገዳይ ሕዋስ በረዥም ትግል መግደል ማቃቱ።
ልጓም፦ የመከላከያ ሕዋስን ሥራ የሚገታ የገጽ ተቀባይ።
ሰፊ አክሻፊ ፀረ እንግዳ አካል፦ ብዙ ዐይነት ኤችአይቪን የሚያከሽፍ።
ገቺ፦ ያለ መድኃኒት ቫይረሱን የሚገታ ሰው።
ማገርሸት፦ ተገትቶ የነበረ ቫይረስ ተመልሶ መነሣቱ።
ከመለኪያ በታች፦ ቫይረሱ በምርመራ ሊነበብ ከሚችለው መጠን ማነሱ።

እነዚህ ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ እንጂ የተቆረጡ አይደሉም። ከሐኪሞች፣ ከነርሶች፣ ከሁሉም በላይ መድኃኒቱን በየዕለቱ ከሚወስዱት ሰዎች አፍ የተሻለ ቃል ቢገኝ የእኛን ትተን ያንን እንቀበላለን። የምንጸናበት ነገር አንድ ነው፤ ያልጠፋውን እሳት «ጠፋ» የሚል ቃል በመዝገበ ቃላታችን ቦታ ሊሰጠው አይገባም።